ተጠቃሚ አይደለሁም

ጥቅምት 2፣ ሰኞ

ተቀጠርኩ! ተቀጠርኩ! ከእንግዲህ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ አልተረጉምም። «ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ከበሮው መቆሙን ያረጋግጡ» የምትባል ዓረፍተ ነገር፣ ደህና ሁኚ፣ ዓይንሽን ለአፈር።

ሥራው እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒው ክፍል ጎን፣ አንዲት ፕሮፌሰር አሉ። ሰዎች በፖስታ እያስመጡ የሚወስዷቸውን አዳዲስ ኬሚካሎች ያጠናሉ፤ ግድግዳ የሚያስተነፍሱትን፣ ሙዚቃን በቀለም የሚያሳዩትን፣ ሰዓት የሚያቆሙትን ዓይነት። ከአዲስነታቸው የተነሳ ሕጉ እንኳ ገና አልደረሰባቸውም። ስማቸው ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው፣ እንደ መኪና ታርጋ። «የምርምር ኬሚካል» ይሏቸዋል እንጂ ከሚውጣቸው ሰው በቀር የተመራመረባቸው የለም። እኛ የዋጠውን ሰው እንጠይቃለን። የእኔ ድርሻ መጠይቁን ወደ ቋንቋችን መመለስና በፈቃዳቸው ስልካቸውን ላስመዘገቡ ሰዎች እየደወሉ ማውራት ነው። ለማውራት ደመወዝ! እናቴ «ይቺን ልጅ አፏ ያበላታል» ትል የነበረው ለካ ትንቢት ኖሯል።

ለእታለም ስነግራት ጨርቅ እየቆረጠች ነበር። እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን፤ የቤታችን የፊት ክፍል የልብስ ስፌት ቤቷ ነው። መቀሷ መሃል ላይ ቆመ።

«ሰዉ ደንግጦ አይዘጋብሽም?» አለች።

«ለማያውቁት ሰው መናገር እኮ ይቀላል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለችና፣ «እስቲ ፌንጣ፣ አሁን እንኳ አንድ ቦታ እርጊ» ብላ መቁረጧን ቀጠለች። ፌንጣ እኔ ነኝ። ከሥራ ሥራ ስለምዘል።

ጥቅምት 4፣ ረቡዕ

መጠይቁ አለቀ። ከፕሮፌሰሯ ጋር ግማሽ ቀን የተከራከርነው በመጀመሪያዋ ጥያቄ ነው። እሳቸው «የሚወስዱ ሰዎች» ይባል አሉ።

«ኧረ ፕሮፌሰር፣ የሚወስድ ሲባል ሱሰኛ ይመስላል» አልኳቸው። «ተጠቃሚ እንበል። የውሃ ተጠቃሚ፣ የመብራት ተጠቃሚ፣ የስልክ ተጠቃሚ አይደል የሚባለው? ክብር አለው። ማንንም አያስቀይምም።»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሲያስቡ ቆዩ። ከዚያ ፈረሙ። «ጥሩ ጆሮ አለሽ» አሉኝ።

ጥሩ ጆሮ አለሽ! ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ ነው የወረድኩት፤ አሳንሰር ውስጥ ብቻዬን ስስቅ እንዳልታይ።

እንግዲህ ጥያቄዋ ይህቺ ናት፤ «ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ከእነዚህ ኬሚካሎች የአንዱ ተጠቃሚ ነበሩ?» ነበርኩ ካለ እንቀጥላለን። አይደለሁም ካለ አመስግነን እንዘጋለን። ቀላል፣ ንጹሕ፣ የእኔ።

ጥቅምት 10፣ ማክሰኞ

መደወል ከጀመርን ሁለተኛ ቀናችን። የሰው ጉድ! አንዱ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ነው፤ ማቀዝቀዣውን ተንበርክኮ ይቅርታ ጠይቋል። ለምን ብለው፣ «ቀንም ሌሊትም ሲሠራልኝ አንድ ቀን አመሰግናለሁ ብዬው አላውቅም» አለኝ። አንዷ አስተማሪ ድመቷ ምን እንደምታስብ ገብቷታል። «ታዝንብኛለች» አለች፤ ከዚያ ወዲህ በተቻላት መጠን በሰዓቱ ቤቷ ትገባለች። አንድ ጊታር መቺ ደግሞ የሕይወት ምሥጢር ተገለጠለትና እንዳይረሳው ወረቀት ላይ ጻፈው። ጠዋት ሲያነበው «በር ማለት የሚከፈት ግድግዳ ነው» ይላል። አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው የሚይዘው።

አንዲት ቅሌት ብቻ ደርሳብኛለች። ስምንተኛዋ ጥያቄ፣ ኬሚካሉ የሚያሳያቸውን «ጉዞ» ስለሚሉት፣ «የመጨረሻ ጉዞዎ እንዴት ነበር?» የምትል ነበረች። ጡረታ የወጡ አንድ መሐንዲስ፣ «ኧረ ልጄ፣ ገና አልተቀበርኩም!» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «የቅርብ ጊዜ ጉዞዎ» ብዬ አስተካከልኩ። ጆሮ አንዳንዴ ይተኛል፣ ምን ይደረግ።

ጥቅምት 13፣ ዓርብ

ሩጫ። ምሳ የለም። ድምፄ ተዘጋ።

«አይደለሁም» የሚሉ በዝተዋል። ስልኩን ራሱ አስመዝግቦ፣ ስደውል «ተጠቃሚስ አይደለሁም»! ደፍሮ ይመዘገባል፣ ሲደወልለት ይፈራል። አንድ የታክሲ ሹፌር ግን ቀኔን አበራልኝ። «ተጠቃሚ? እኔማ መጠቀሚያ ነኝ!» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አመሰግናለሁ፣ መልካም ቀን፣ ዘጋሁ። ለእታለም የሚነገር።

ነገርኳት። አልሳቀችም። ደክሟት ነው።

ጥቅምት 15፣ እሑድ

እታለም ፍቅር ይዟታል! ማስረጃ አለኝ።

አንደኛ፣ እንቅልፍ የላትም። ሁለተኛ፣ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ትቀመጣለች፣ ስጠራት በሦስተኛው ነው የምትሰማኝ። ሳሎን ያለውን ባለ አበባ ምንጣፍ ጠቅልላ አልጋ ሥር ከታዋለች፤ «አቧራ ይዟል» ትላለች፣ እኔ ግን አዲስ ኑሮ የምታስብ ሴት ናት ዕቃ የምትቀያይረው እላለሁ። ማታ መብራት አታብሪብኝ ትላለች። የጠረጴዛዋን መብራት አንዴ እያየች፣ «ጭራው ረዘመ» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ስለምን እንደሆነ ጠይቄያት «ለራሴ ነው» አለችኝ። ለራሱ የሚያወራ ሰው ፍቅር ካልያዘው ምን ይዞታል? ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር፤ ዓይኗ ደህና ነው አሏት። ደስ ይበልሽ ስላት ተቆጣች።

ይህ ሁሉ የመጣው ከነሐሴው የሐይቅ ሽርሽር ወዲህ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ጓደኛዋ ይዛት ሄዳ፣ ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት የወጣችበት። ጉንፋን ይዟት ነው የተመለሰችው፤ ሁለት ቀን ከብርድ ልብስ አልወጣችም። እዚያ ሰው አግኝታለች። የጨርቅ ጅምላ ነጋዴው እንደሆነ እጠረጥራለሁ፤ እሱም ያን ሰሞን ሽርሽር ላይ ነበር።

ደስ ብሎኛል። እታለም ደስታ ይገባታል። ከእናታችን ሞት በኋላ ያሳደገችኝ፣ የመጀመሪያ ቦርሳዬን ከቁርጥራጭ የሰፋችልኝ እሷ ናት።

ጥቅምት 18፣ ረቡዕ

ስሌተኛው የሚባል ሰው አለን። ስሙ ሌላ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከሰንጠረዥ ጋር ስለሚኖር ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው። ዛሬ ከኮምፒዩተሩ ላይ ቀና ብሎ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ተናገረ።

«ሰው ሁሉ ደስተኛ ነው።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«ሰው እንዲህ ተስማምቶ አያውቅም። ሰርግ ላይ እንኳ አንድ የሚያኮርፍ አይጠፋም።» ከዚያ ደግሞ፣ «ለምንድን ነው ይህን ያህል ሰው በመጀመሪያዋ ጥያቄ የሚወጣው? ፈልጎ የተመዘገበ ሰው?»

ፈርተው ነው አልኩት። ፊቴን አየኝ። «ቃሏ ናት» አለ።

ቃሏ ናት! ቁጥር የሚደምር ሰው ስለ ቃል ምን አገባው? እኔ የሱን ድምር ነክቼ አውቃለሁ? በግልጽ እንዲህ አላልኩትም። «አስብበታለሁ» ነው ያልኩት። አላስብበትም።

ጥቅምት 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ እታለም እጅጌ እየተኮሰች፣ እንደ ቀልድ፣ «ከምታናግሪያቸው ውስጥ የማይለቀው የለም?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ነገሩ። ወስዶ፣ አልፎለት፣ ከዚያ ግን ያየው ነገር ሳምንት፣ ወር… የማይለቀው።»

ቁጥሩን ሁሉ በቃሌ ነው የማውቀው፤ ደስ አለኝ ስጠየቅ። «አንድም የለም!» አልኳት። «ከመቶ ዘጠና ስድስቱ በልምዱ ደስተኛ ነው። የቀሩት ራስ ምታት፣ አንዱ ደግሞ ጫማው የጠፋበት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር እኔ ጋ ይደርስ ነበር።»

«አንድም?»

«አንድም!»

ካውያውን ቀስ አድርጋ አቆመችው። «እንግዲህ ጥሩ ነው» አለች። ለሥራዬ እንዲህ ትኩረት የሰጠችኝ የመጀመሪያ ሰው እታለም ናት። ነጋዴው ኬሚካሉን ይወስዳል እንዴ? እሱን እያሰበች ይሆን የጠየቀችኝ? ከዚያ ተውኩት፤ ሰውየው ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው።

ጥቅምት 24፣ ማክሰኞ

እግሬ መሬት አልነካ አለ!! ፕሮፌሰሯ ውጤቱን በኅዳር ትልቁ አዳራሽ ሊያቀርቡ ነው። የጤና ቢሮ ሰዎች ይመጣሉ፣ ጋዜጠኞች ይመጣሉ። እኔ መድረክ ላይ ናሙና ቃለ መጠይቅ አሳያለሁ። እኔ! ፌንጣ! ማይክሮፎን!

ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ገዝቼ ሮጥኩ፤ ቢጫ፣ ትናንሽ ቅጠሎች ጥቅጥቅ ብለው የታተሙበት፣ ሲያዩት የሚያስቅ። እታለም ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ፊቷን አዞረች። «አንሺልኝ» አለች።

«አላማረሽም?»

«አንሺልኝ አልኩ!» ብላ አንሶላ ጣለችበት። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጥቁር አምጪልኝ፣ ጥቁር እሰፋልሻለሁ» አለች።

ስንት ወር ሆነ ከጥቁርና ከግራጫ ሌላ ስትሰፋ ካየሁ? ደንበኞቿ ሐዘንተኛ ብቻ ሆኑ እንዴ? ስለ እኔ ደስታ ልትቀና አትችልም፣ እታለም እንዲህ ያለች ሰው አይደለችም። ይህን በመጻፌ እንኳ አፍሬያለሁ።

ጥቅምት 26፣ ሐሙስ

የስፌት ማሽኗን ልትሸጥ ነው። በሩ ላይ ለጥፋለች፤ ከሱቅ ስመለስ ነው ያነበብኩት። በስልክ ለአንድ ገዢ ስትናገር ሰማሁ፤ «ደህና ነው፣ ክር አይበጥስም። ችግሩ ከማሽኑ አይደለም።» ሊወስደው የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው።

ነጋዴውን ልታገባ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? እሱ ቤት ሦስት ማሽን አለ። ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም፤ የምታገባ ሴት መቀሷን እንዲያ በጨርቅ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ስትዘጋበት ታለቅሳለች?

ደክሞኛል። ነገ አስባለሁ።

ጥቅምት 29፣ እሑድ

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ከምሳ በኋላ ለመድረኩ ልለማመድ ፈለግሁ። እታለምን አስቀመጥኳትና፣ «ዝም ብለሽ መልሺልኝ፣ የውሸት ሰው ሁኚ» አልኳት።

«እሱስ አያቅተኝም» አለች።

በስልክ ድምፄ ጀመርኩ። «ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ከእነዚህ ኬሚካሎች የአንዱ ተጠቃሚ ነበሩ?»

ግድግዳውን አየች፣ ዓይኗን ጨፈነች። «አይ» አለች። «ተጠቃሚ አልነበርኩም።»

«ስለ ጊዜዎ እናመሰግናለን፣ መልካም ቀን ይሁንልዎ!» አልኩና በሳቅ ፈረስኩ። «ኧረ እታለም፣ ነበርኩ በዪኝ እንጂ፣ ጨዋታው አለቀ እኮ!»

አልሳቀችም። «እንደዚህ ነው የምትዘጊው?»

«አይደለሁም ካለ ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

«ምን ተጠቀምኩ፣ ፌንጣ?» አለችኝ። «ተጎዳሁ እንጂ ምን ተጠቀምኩ? ተጎጂ ነኝ የሚለውስ የት ላይ ይጻፍለታል?»

ከዚያ ሁሉን ነገረችኝ። ሐይቁ ዳር፣ የፀጉር ሠሪዋ ጓደኞች፣ አንዲት ትንሽ ከረጢት። አንድ ጊዜ ብቻ። ከረጢቱ ላይ «ለሰው ጥቅም የማይውል» የሚል ተጽፎበት ነበር፤ ቀልድ መስሏቸው ሳቁበት። ያን ማታ ደስ የሚል ነበር፣ አለች፤ ዛፎቹ ዘፈኑላት። ጠዋት ዛፎቹ ዝም አሉ፤ የተቀረው ግን አልቆመም። እስከ ዛሬ አልቆመም። የምንጣፉ አበቦች ይርመሰመሳሉ። መብራት ሁሉ ጭራ አለው። ነጭ ግድግዳ ላይ አሸዋ ይፈሳል። ባለ አበባ ጨርቅ ስትዘረጋ ይዋኝባታል፤ መቀሱ የሚሄድበትን መስመር ታጣለች። የአንዲት ሙሽራ ጨርቅ አበላሽታ ከራሷ ገዝታ ተክታለች። ሃያ ዓመት የቆረጠች ሴት!

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ነበር። መጀመሪያ ሌላ ሰው ካለ ልጠይቅሽ ብዬ ጠየቅኩሽ።» ቀስ ብላ ነው ያለችው። «አንድም የለም አልሽኝ። ያን ቀን በቃ አብጃለሁ አልኩ። ማሽኑንም ያን ቀን ነው ለመሸጥ የወሰንኩት።»

አፌን በያዘኝ! ያቺን «አንድም!» እንዴት በደስታ እንዳልኳት አሁንም ይሰማኛል። ጭኗ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እሷ ናት ያባበለችኝ፣ እንደ ልማዷ። ከዚያ፣ ምን እንዳደረገኝ እንጃ፣ ስለ ጨርቅ ነጋዴው ነገርኳት። ስለ ሰርጉም።

«ያ ላቡ የሚንጠባጠበው?!» አለች። «ለኔ?!» ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሁለታችንም ወለሉ ላይ እስክንቀመጥ ሳቅን።

እዚያው ወለሉ ላይ ነው የገባኝ። እሷ ብቻ አይደለችም። «ተጠቃሚስ አይደለሁም» ያሉኝ ሁሉ። ያ ሹፌር። እነሱ በትክክል ነው የመለሱልኝ። የተጎዳውን በሙሉ «መልካም ቀን» ብዬ ሸኝቼ፣ የቀረውን ደስተኛ ቆጥሬ፣ ዘጠና ስድስት ከመቶ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ጥቅምት 30፣ ሰኞ

ለፕሮፌሰሯ ነገርኳቸው። ስለ እታለም በፈቃዷ ነው የነገርኩት፤ «ስሜን ብቻ ተዪው» ብላኛለች።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ቃሉን ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ፈረመበት?»

«እርስዎ…»

«እንግዲያው ሁለታችንም ነን» አሉ። ስልካቸውን አንስተው አዳራሹን ሰረዙ፤ የጤና ቢሮው ሰውዬ ሲጮህ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። «ጌታዬ፣ የተሳሳተ ደስታ ላቀርብልዎ አልችልም» አሉት። ልስማቸው ቃጣኝ።

ከዚያ ነገሩ ለሊቃውንቱ እንግዳ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ጥቂት ሰዎች ላይ እንዲህ ይቀራል፤ ስም አለው፤ እብደት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በጊዜ ብዛት ይቀላል፣ ግን ቃል አይገባም። የሚያውቅ የነርቭ ሐኪም አለ፣ ቀጠሮ ያዙላት። እኔ በዚህ ሁሉ ሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄያቸው ቢሆን ኖሮ!

ስሌተኛው ሰምቷል። «ብዬ ነበር» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። የአንድ ሰው ጆሮ ማዳመጫ ነቅሎ መጣና፣ «ግማሹን ለኔ ስጪኝ» አለ። ይህ ሰው ለእናቱ እንኳ ደውሎ አያውቅም ይባላል።

ኅዳር 1፣ ማክሰኞ

«አይደለሁም» ያሉትን ሁሉ እንደገና።

አዲሷ ጥያቄ «ወስደው ያውቃሉ?» ነበረች። የመጀመሪያዋ ሴትዮ፦ «ወስጄ? ከየት? ሌባ ነኝ እንዴ?» ዘጋችብኝ። እንዲህ አይሆንም። ሦስታችን ቁጭ ብለን ቃል ስናወጣ ዋልን። በመጨረሻ «ቀምሰው ያውቃሉ?» ያለው ማን ነው? ስሌተኛው!

እና ሰዉ መለሰ። «ቀመስኩማ! አሳሬን ነው የቀመስኩት» አለኝ አንዱ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኝ። አንዷ ነርስ፣ «አሁን ገና ጠየቃችሁኝ» አለች። የሚቀጥለው ደግሞ፣ የሚቀጥለውም። ሁሉም አይደሉም የቆየባቸው፤ አንዱ ድንጋጤው፣ አንዱ ልቡ፣ አንዷ ለወራት እንቅልፏ። መብራት ጭራ የሚያወጣባቸው ግን አሉ። አሉ! ከሌላኛው ጠረጴዛ ስሌተኛው በስልክ፣ «እ… እኔ… ምን ልበልዎት… በጣም አዝናለሁ» ሲል ይሰማኛል፤ እየቀላ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ።

ኅዳር 3፣ ሐሙስ

ሹፌሩን አገኘሁት። «ያቺ መልካም ቀን የምትለው ልጅ!» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ቃሏን አስረዳሁት፤ ሳቀ። ማታ መንዳት ትቷል፤ የመንገድ መብራት ሁሉ ጭራ ያወጣበታል። ቤቱ የመታጠቢያ ክፍሉ ሸክላ ይተነፍስበታል። ለሚስቱም አልነገረም። «ብቻዬን መስሎኝ ነበር» አለ። «ሌላ ሰው አግኝተሻል?»

የተጠየቀውን ሰው ከሌላ ማገናኘት ክልክል ነው። ፕሮፌሰሯ ዘንድ ሮጥኩ። «ሁለቱም በአንደበታቸው ከፈቀዱ» አሉ። መልሼ ደውዬ አንዲት ሴት አለች ስለው ሹፌሩ፣ «ስልኬን ስጪያት፣ አሁኑኑ ስጪያት» አለ።

እታለም ግን «እንጃ» አለች። «ምን እለዋለሁ?» ቁጥሩን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። እምቢ አላለችም፣ እሺም አላለች። ማሽኑ ከነገ ወዲያ ይሄዳል። አለመንኳትም። ምላሴን ነክሼ መቀመጥ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ

ጠዋት ከሱቅ ስመለስ የፊት ክፍሉ በር ተዘግቷል፣ ከውስጥ የእታለም ድምፅ ይሰማል። ደውላለች! በእግሬ ጣቶች እየተራመድኩ ኮሪደሩ ላይ ዞርኩ፤ ጆሮዬን ግን በሩ ላይ አላደረግኩም። ትንሽ ነው ያደረግኩት።

በዚህ መሃል ገዢው መጣ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ጭነት መኪና ይዘዋል። ወንበር ሰጠኋቸው። ውሃ ሰጠኋቸው። ስለ አየሩ አወራኋቸው፣ ስለ መኪናቸው ጠየቅኳቸው፣ የማቀዝቀዣውን ሰውዬ ታሪክ ስሙን ሳላነሳ ነገርኳቸው። ሚስትየዋ ሳቀች። ባልየው ሰዓቱን ያያል።

«እስቲ ጥሪያት» አለኝ በመጨረሻ።

አንኳኳሁ። እታለም በሩን በስንጥቅ ከፈተችው። ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነው፤ ዓይኗ እርጥብ ነው፣ ፊቷ በሙሉ ይስቃል። «ኧረ ሸክላ ምኑ ነው፣ አንተ ነጭ ግድግዳ አላየህም!» ትላለች ለስልኩ። ከዚያ ለእኔ፣ «ምንድን ነው?»

«ማሽኑን ሊወስዱ መጥተዋል።»

«ይጠብቁ» አለች። «አንቺም አትግቢ። ይሄ የእኛ ነገር ነው።»

በሩ ተዘጋ።

የእኛ አለች። ዕድሜ ልኬን አብሬያት ኖሬ፣ ከእታለም «እኛ» ውጭ ስሆን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከደስታ ብዛት ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ባልና ሚስቱ ተመለስኩና ማሽኑ እንደማይሸጥ ነገርኳቸው።

ባልየው ተነሳ። «እሷ እንዲህ አለች?»

«አላለችም» አልኩት። «ግን አይሸጥም።»